ካብ ለካብ

ከየሩሃም በስተደቡብ፣ ከፋብሪካው ጀርባ፣
ተረተሩ ላይ ካብ አለ፣ በቁጥር ሰባ።
መንገድ ሊያልፍበት ነው።
ከመንገዱ በፊት እኛ እናልፍበታለን፣
ሜትር፣ ካሜራ፣ የቅጽ ጥራዝ፣ ሁለት ጀሪካን ውሃ ይዘን።

ኦፊራ ትለካለች፣ እኔ እጽፋለሁ፦
«ወርድ፣ አራት ሜትር ከሃያ።
ቁመት፣ እስከ ጉልበት።
ይዞታ፣ የተዘረፈ፣ አናቱ የተከፈተ።
ዘመን…»
ዘመን ላይ እርሳሴ ይገተራል፣ ገደል እንዳየች በቅሎ።
«ያልታወቀ በል» ትለኛለች፣ ዓይኗ ሜትሩ ላይ ተተክሎ።
ያልታወቀ እላለሁ።
የሺህ ዓመቱንም፣ የአራት ሺህ ዓመቱንም ሙት
በአንዲት ቃል ዳግመኛ እቀብራለሁ።

ቀይና ነጭ በትር አለችኝ፣ ካቡ ሥር የማቆማት፣
ለምርኩዝ አይደለችም፣ ለፎቶው ልክ ናት።
ትንሽ የጣውላ ቀስትም አለችኝ፣ ሰሜንን የምታሳይ፤
እሷ ወደ ቤርሼባ ትጠቁማለች፣
እኔ ጀርባዬን ሰጥቻት ሌላ ሰሜን የማይ።
የኔ ሰሜን በደቡብ በኩል ነው።
ይህን ለኦፊራ አላስረዳኋትም፣ በዕብራይስጥ አይሆንም።

ደንቡ አጭር ነው፦ ጠጠር አትንካ፣
የወደቀ አታንሳ፣ ያዘመመ አትደግፍ፤
አይተህ ጻፍ፣ ጽፈህ እለፍ።

አርባ አንደኛው ዘንድ ስንደርስ ሰው ቀድሞን ቆሟል፣
ዓውደላህ የሚሉት ሽማግሌ፣ ፒክአፑን ሸለቆው ውስጥ ትቶ፣
ነጭ ሻሹን ነፋስ ፊቱ ላይ ጠቅልሎበት።
የሱ ዕብራይስጥ ዓረብኛ ይሸታል፣ የኔው ደግሞ አማርኛ።
ካብ ለካብ ተያየን፣
ማንኛችን ባላገር፣ ማንኛችን መንገደኛ።

«ይኼን አትጻፉ» አለ። «ይኼ የጥንት አይደለም።
አባቴ የከመረው ነው፣ ለሐምዳ።»
«ለሚስቱ?» አለች ኦፊራ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።
«ለግመሉ።
ዘጠኝ ዓመት ውሃ አመላለሰችለት፣
በዘጠነኛው እዚህ በርከክ አለች፣ አልተነሣችም።
ጅብ እንዳያገኛት ሁለት ቀን ሙሉ ድንጋይ ለቀመ፣
በሦስተኛው ቀን ውሃውን በትከሻው ተሸከመ።»

ቅጹ ላይ ሣጥኖች አሉ፦
መቃብር፣ ምልክት፣ ማማ፣ በረት፣ ሌላ።
ግመል የለም።
ሕጉ ያረጀ ድንጋይ ያከብራል፣ ለጎልማሳው ጥላ የለውም፤
ያልተጻፈውን ካብ የሚያነበው ግሬደር ነው።
ይህን ነገርኩት።
ዝም አለ። በጫማው ጫፍ ጠጠር ገፋ፣ መልሶ ሳበ።
«እንግዲያው ጻፍ» አለ።

«ዘመን?» አልኩ፣ እኔው ጠያቂ፣ እኔው ጸሐፊ።
ኦፊራ ሌንሷን ትጠርግ ጀመር፣
የተጠረገውን፣ ደግማ ደጋግማ።
ያልታወቀ፣ ብዬ ጻፍኩ።
ስሟን ግን ኅዳጉ ላይ አኖርኩት፣ ሐምዳ፣
በአማርኛ ፊደል፣ አራሚ እንዳያገኘው።

ከመተማ ወዲያ ማዶ፣ ቁጥር ያልወጣለት አንድ ካብ አለ፤
አጎቴ ቢያድግልኝ ሥሩ ነው።
ሰዎቹ እየተጣደፉ ሲከምሩ እኔም አንድ አምጥቼ ነበር፣
የስድስት ዓመት እጅ የሚያነሣት፣ የዶሮ እንቁላል የምታህል።
ወርዱን አልለካነውም። ሰሜኑን ያሳየ ቀስት አልነበረም።
በዚያው ሌሊት፣ ጨረቃ ሳትወጣ ሄድን፣
ያለፈው አለፈ፣ ያላለፍነውም አለፍን።

ሲመሽ፣ የረሳኋትን በትር ላነሣ ብቻዬን ተመለስኩ።
ነፋስ ብቻ ነው ያየኝ።
ጎንበስ አልኩ፣ ደንቡን ጣስኩ፣
አንዲት ጠፍጣፋ ድንጋይ ከነቀን ሙቀቷ አንሥቼ
አርባ አንደኛው አናት ላይ አስቀመጥኩ።

መዝገቡ «ቁመት፣ ሰባ ሁለት ሳንቲ ሜትር» ይላል።
ነገ የሚለካ ቢመጣ ሰባ ስድስት ያገኛል፣
ጸሐፊው ተሳስቷል ይላል።
ይበል።
አራቷ እኔ ነኝ።